ልጄ ቡና ላይ የፓርቲ ዘፈን ዘፈነች

«ውድ እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 5። ባለቤቴ አይሱዙ ይነዳል፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እኔ ቤቴ በር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ቴሌቪዥናችን ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። እሳቸው ድራማ ይወዳሉ፣ ልጆቹ ካርቱን።

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ጠርቼ ቡና አፍልቼ ነበር። ትንሿ ልጄ ድንገት ብድግ አለችና በቴሌቪዥን የምትሰማውን የአንድ ፓርቲ ዘፈን እጇን እያወዛወዘች ከዳር እስከ ዳር ዘፈነችው። ዘፈኑ የሚመጣው በብስኩትና በሳሙና ማስታወቂያ መሃል ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የያዘችው። አንዷ ጎረቤቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ወንድሟ በፖለቲካ ምክንያት ብዙ ችግር አይቷል። ቶናውን ሳትጠጣ ተነስታ ሄደች። እኔም ደንግጬ ልጄን ቆነጠጥኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ስገባ መዝፈን ታቆማለች።

ወንዱ ደግሞ በዚሁ ሰሞን ‹እማዬ፣ እኛ የማን ወገን ነን?› ብሎ ጠየቀኝ። አባቱ ወላጆቹ ከወሎ ናቸው። እኔ በእናቴ የጅማ ኦሮሞ ነኝ፣ በአባቴ ዳውሮ። ምን ብዬ ልመልስለት? ‹ዝም ብለህ ትምህርትህን ተማር› አልኩት። አባቱ መንገድ ላይ ሲሆን የማታ ዜና ሳያይ አይተኛም። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን እንሽጠው ይላል። አማቴ መስማትም አይፈልጉ። እኔ የምፈልገው ፖለቲካ የሚባል ነገር ቤቴ እንዳይገባ ብቻ ነው። ልጆች እኮ ናቸው። ተሳስቻለሁ እንዴ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም እዚሁ ነኝ፣ ጊንጆ። ሦስት ልጆች አሳድጌ አሁን የልጅ ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ ሳሎንሽ ይታየኛል። ረከቦቱ፣ ሣሩ፣ በር ላይ የተወላለቀው የልጆች ጫማ፣ ማንም ሳያየው የሚለፈልፈው ቴሌቪዥን።

ከትንሿ እንጀምር። የ5 ዓመት ልጅ ፓርቲ አታውቅም። የዘፈነችው ዘፈን ነው። እሷ ዘንድ ብስኩቱም፣ ሳሙናውም፣ ፓርቲውም ዜማ ያለው፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ሰው የሚስቅበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ጥናቶችን አገላብጦ ሲያበቃ፣ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው የመጣ ነገር መሆኑን እንደማይረዱ ተናግሯል። የተባለውን እንዳለ ያምኑታል። ከ4 እና ከ5 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ማስታወቂያውን ከፕሮግራሙ እንኳ በቅጡ አይለዩትም። ድራማው የት እንዳበቃ፣ ሳሙናው የት እንደጀመረ አይታወቃቸውም።

ልጅሽ እዚያው ድንበር ላይ ናት። ወንድሟ ደግሞ ገና መለየት የጀመረ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ አትስጪ።

የእህቴ ልጅ የዛሬዋን ልጅሽን ሲያክል ክርስትና ቤት ተጠርተን ሄድን። ቄሱ ባርከው ተቀምጠዋል። ልጁ መሃል ገባና የቢራ ማስታወቂያ ዘፈን ዘፈነ። አንድ ቃል አላስቀረም፤ መጨረሻ ላይ ጠርሙሱ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ እንኳ በአፉ አወጣው። እናቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ግን ሰው ሁሉ ስቆ አለፈ። ማንም «ይሄ ልጅ ጠጪ ሆነ» አላለም። የፓርቲ ዘፈን ሲሆን ግን ማንም አይስቅም። ልጆቹ ያደረጉት ያው አንድ ነገር ነው። የተለያየነው እኛ አዋቂዎቹ ነን።

ያ የቢራ ዘፈን በኋላ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣው። ዛሬ ልጅሽ በቴሌቪዥን የለመደችው የቢራ ዘፈን የላትም። ሌላም አገር እንዲሁ አድርገዋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የታለመ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አትፈቅድም። ካናዳ ውስጥ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ከዚያም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገር የንግድ ማስታወቂያ ከልክላለች። ልጅ ሊከራከረው የማይችለውን ሰው ፊቱ አታቁሙበት ነው ነገሩ።

ይህን ያነሳሁልሽ ያለምክንያት አይደለም። «ፖለቲካ ቤቴ እንዳይገባ» ብለሻል። እህቴ፣ የቢራውን ማስታወቂያ ያስቀረው ማነው? ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ እጅ አውጥቶ ነው። ያ ፖለቲካ ነው። ቤትሽ ገብቶ ልጅሽን ጠቅሟት ወጣ። የዘይቱ ዋጋ ፖለቲካ አለበት። የልጅሽ መጽሐፍ በምን ቋንቋ እንደሚታተም ፖለቲካ ነው። ባለቤትሽ የሚነዳበት መንገድ መቼ እንደሚጠገን ፖለቲካ ነው። በር ዘግተሽ የምታስቀሪው ነገር አይደለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዳንቺው ነበር የማስበው። አሁን ግን ልጅ ከፖለቲካ መራቅ አለበት አልልም። ብቻውን እንዳይጋፈጠው ነው የምለው።

እና ማስታወቂያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ልጁን ብቻውን ያገኘዋል። አንቺ ሱቅ ነሽ፣ አማትሽ አሸልበዋል፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ካርቱኑ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። በዚያች በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚገባው ይገባል። በምርጫ ሰሞን ፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን ነጻ የአየር ሰዓት ይሰጣቸዋል። መራጩ አውቋቸው እንዲመርጥ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። መራጭ ግን 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፊቱ ማን እንደተቀመጠ አያይም።

የልጅ ፊት ምን እንደሚያደርግ ፖለቲከኞች ካወቁት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለምርጫ ሲወዳደሩ የሠሩት ማስታወቂያ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሜዳ ላይ ቆማ የአበባ ቅጠል እየቀነጠሰች ትቆጥራለች። ቁጥሩን ታሳስተዋለች፣ እንደ ልጅ። ከዚያ የወንድ ድምፅ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ዜሮ ሲደርስ የአቶሚክ ቦንብ ይፈነዳል። ለምርጫ ዘመቻው ተከፍሎበት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በመስከረም ወር፣ የምሽት ፊልም መሃል። እስካሁን ይወራለታል። የተቀናቃኛቸው ስም እንኳ አልተጠራም። ወላጅን ለማስደንገጥ አንዲት ልጅ ሜዳ ላይ ማቆም በቂ ነበር። እኔ የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ማታ ከወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ያዩት ልጆችስ ምን ብለው ተኙ?

የእኛም አገር ከዚህ አላመለጠም። በ1997 ምርጫ አንቺ ራስሽ ልጅ ሳትሆኚ አትቀሪም። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበር። የቅንጅት ሁለት ጣት። ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ሁለት ጣታቸውን ቀስረው ሲሮጡ፣ ሌሎቹ «ንብ! ንብ!» እያሉ ሲያባርሯቸው አስታውሳለሁ። እንደ ድብብቆሽ፣ እንደ ሌባና ፖሊስ ነበር ለእነሱ። ምርጫው አልፎ ነገር ሲከር ግን ያቺ ሁለት ጣት የምታስፈራ ሆነች። አንድ ከሰዓት በኋላ የ6 ዓመቷ ልጄ በር ላይ ቆማ፣ ለሚያልፍ መኪና ሁሉ ሁለት ጣቷን ታወጣለች። ከጓዳ ሮጬ ወጥቼ እጇን መታሁት። በጣም ነው የመታሁት። ወደ ቤት ጎትቼ አስገባኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እኔም በቅጡ የምለው አልነበረኝም። ፈርቼ ነበር።

ልጄ ዛሬ የራሷ ልጅ አላት። ይህን ታሪክ እስካሁን ታነሳብኛለች። «እማዬ፣ ያኔ ምን አጥፍቼ ነበር?» ትለኛለች። ለብዙ ዓመት፣ ጣቷን እያየች፣ ጣቷ ላይ የሆነ መጥፎ ነገር ያለ ይመስላት እንደነበር የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው።

ስለዚህ «ቆነጠጥኳት» የሚለውን ቃልሽን ሳነብ ልቤ ስንጥቅ ነው ያለው። ልወቅስሽ አይደለም። አንቺም ፈርተሽ ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጅቷ የተማረችው «ይህ ዘፈን የፓርቲ ነው» የሚለውን አይደለም። «እናቴ የምትቆጣበት ዘፈን አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» የሚለውን ነው። ለዚህ ነው አንቺ ስትገቢ ሁሉንም የምታቆመው። የብስኩቱንም ጭምር።

ዛሬ ማታ ስታስተኚያት ይቅርታ ጠይቂያት። ማብራሪያ አታብዢ። «የእኔ ቆንጆ፣ ያን ቀን ዘፈንሽን አልጠላሁትም። እንግዳዬ ስለከፋት ደንግጬ ነው። መቆንጠጥ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ» በያት። ከዚያ እንድትዘፍንልሽ ጠይቂያት። የፈለገችውን ትዝፈን። ያንኑ ዘፈን ከዘፈነች ዝም ብለሽ ስሚ፣ ፊትሽ እንዳይለወጥ። ስትጨርስ «ይሄን የሚዘፍኑት ሰዎች እኛን ምረጡን የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ ልክ ብስኩት ሻጩ ብስኩቴን ግዙ እንደሚለው» ብትያት ይበቃል። በ5 ዓመቷ ከዚህ በላይ አያስፈልጋትም። የከለከልሽው ዘፈን ግን እንደሚጣፍጥ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወንዱ ጋር ያለው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሁለት ነገር ነው የጻፍሽልኝ። ዜና ሳያይ አይተኛም፤ ደግሞ «የማን ወገን ነን» ብሎ ጠይቋል። አንቺ ሁለቱንም ፖለቲካ ብለሽ አንድ ላይ አስረሻቸዋል። እኔ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ያለፍሽውን ነገር አየሁ። «አባቱ መንገድ ላይ ሲሆን» ብለሻል። ልጁ ዜና የሚያየው አባቱን ፍለጋ ነው። መንገድ ተዘጋ የሚባል ነገር መቼም ሰምቶ ያውቃል። አባቱ የቀረበትን ማታም አይረሳውም። ዜና አንባቢዋ የቦታ ስም በጠራች ቁጥር «አባዬ በዚያ ያልፋል?» እያለ ነው የሚያዳምጠው። የልጆች የፖለቲካ ጥያቄ ሲላጥ ብዙ ጊዜ ውስጡ ይሄ ነው ያለው። ደህና ነን ወይ ነው የሚሉን።

ይህን ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት «ሂድ ተኛ» ብለሽ ብታባርሪው ጨለማ ውስጥ ፍርሃቱን ይዞ ይተኛል። ይልቅ ከዜናው በፊት አባቱ ይደውልለት። ለአንቺ ሳይሆን ለእሱ። «አሁን ወሊሶ ደርሻለሁ፣ እራት እየበላሁ ነው» ይበለው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካርታ ካላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉለትና ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አብሮሽ ያስምር። አባቱ ሲደውል የደረሰበትን ምልክት ያድርግ። የሩቅ ቦታ ስም ሲጠራ ከአባቱ መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኑ ያየዋል። ይህን ካደረግሽ ዜናው ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ። «የማን ወገን ነን?»

«ዝም ብለህ ተማር» አይበቃውም። አንቺ ካልመለስሽለት ሌላ ሰው ይመልስለታል። ትምህርት ቤት በር ላይ የሚመልስለት አይጠፋም። ደግሞ ያኛው መልስ አጭር ነው፣ አንድ ቃል። ያንቺ ረጅም ነው፤ ረጅም መሆኑ ነው ጥሩነቱ። ሰዎቹን ንገሪው። አያቱ ከወሎ ሲመጡ ስንት ዓመታቸው ነበር? ምን ይዘው መጡ? መጀመሪያ ማን ቤት አረፉ? የአንቺ አባት ከዳውሮ ጅማ የገቡት በምን ምክንያት ነው? እናትሽን የት አገኟቸው? አማትሽ ደግሞ አጠገብሽ አሉልሽ። ከድራማው የሚበልጥ ታሪክ እሳቸው ዘንድ አለ፤ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

አንድ ቅዳሜ ይዘሽው ውጪ። መጀመሪያ ሂርማታ ገበያ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ከብዙ አገር ነጋዴ የሚሰበሰብበት የታወቀ ገበያ እንደነበር ንገሪው። ከዚያ በባጃጅ ጅሬን ውጡ፣ ቤተ መንግሥቱን ይይ። «ከድሮም ብዙ ዓይነት ሰው ሲመጣበት የኖረ ከተማ ነው፤ የእኛ ሰዎችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። አንተ የወሎውም፣ የዳውሮውም፣ የጅማዋም ልጅ ነህ። ቤትህ እዚህ ነው» በይው። ይህን ተረጋግተሽ ከነገርሽው፣ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «እኛ» እና «እነሱ» ሲል ልጁ ግራ ይገባዋል። ግራ መጋባቱ ጥሩ ነው። እናቱና አባቱ በሁለቱም በኩል እንዳሉ ያውቃላ።

ማንን ነው የምትመርጡት ብሎ ከጠየቀሽም አትደንግጪ። «ድምፅ መስጠት በምስጢር ነው። የእኔን እኔ አውቃለሁ፣ የአባትህን እሱ ያውቃል። አንተም 18 ሲሞላህ የራስህን ታውቃለህ።» እውነቱም ይሄው ነው፤ መዋሸት አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። አትሽጡት። አማትሽ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ነው የሚውሉት፤ የዕድሜ ባለጸጋን ጓደኛ መንጠቅ ነውር ነው። ልጆቹም ጎረቤት ሄደው ያዩታል፣ ያውም አንቺ በሌለሽበት። ግን ማንም ሳያየው የሚለፈልፍ ቴሌቪዥን ይጥፋ። ይሄ ላይ ጠንከር በይ። አማትሽ ሲያዩ ይከፈት፣ ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ ይከፈት። ሰው ሲነሳ ይጥፋ።

ማስታወቂያ ሲመጣ ደግሞ ድምፁን አጥፉት። ሥራውን ለአማትሽ ስጪያቸው። ሪሞቱን ከእጃቸው መውሰድ አይደለም፣ ሹመት መስጠት ነው። «እማማ፣ ማስታወቂያ ሲጀምር ድምፁን የሚያጠፉልን እርስዎ ነዎት» በያቸው። እኔ ቤት ይህን ከልጅ ልጄ ጋር ጀምረናል፣ 6 ዓመቷ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ዜማው የለም፣ የሚያጣድፈው ሰውዬ የለም። ሥዕሉ ብቻ ይቀራል። «ምን ሊሸጡልን ነው?» እላታለሁ፣ ቀድማ ትገምታለች። አንድ ቀን የብስኩት ማስታወቂያ እያየን ዝም ብላ ቆየችና «አያቴ፣ ልጁ እኮ አልዋጠውም» አለችኝ። ድጋሚ ሲመጣ አየሁት። እውነቷን ነው። ልጁ ብስኩቱን ይገምጣል፣ ይስቃል፣ ሥዕሉ ይቀየራል። ሲያኝክ አይታይም። ስንት ጊዜ አይቼው ልብ አላልኩትም ነበር።

ያን ዓይኗን ለፓርቲውም ታውለዋለች። ሰሞኑን ልጆች ባንዲራ ይዘው የሚሮጡበት መልእክት ሲመጣ «እነዚህን ልጆች ሩጡ ያላቸው ማነው?» አለች። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ለወንዱ ልጅሽ ይህችን ጥያቄ አስለምጂው። ይህን የሚያወራው ማነው? እኔ ምን እንዳደርግለት ነው የፈለገው? ለሳሙናም፣ ለባንክ ሽልማትም፣ ለፓርቲም ያው ጥያቄ ነች። አንዱን ፓርቲ ስትጠይቂ ሌላውን ካለፍሽው ግን ልጁ ወዲያው ያውቅብሻል። የምትወጂውንም ጠይቂ።

ጅማ መሆንሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ልጅሽ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይሰማል መሰለኝ፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው። አንድን ዜና በሁለቱም ቋንቋ አብራችሁ ስሙ። ከቀላሉ ጀምሩ፣ የቡና ዋጋ ወይም የኳስ ወሬ። የትኛው ምን አስቀደመ? አንዱ የተናገረውን ሌላው ተወው እንዴ? ብዙ ልጆች ይህን ዕድል አያገኙም።

የማታ 2 ሰዓቱ ዜና የትንሿ አይደለም። ያኔ ትታጠብ፣ ራቷን ትብላ። የሰው ሬሳ፣ የሚያለቅስ ሰው የሚታይበት ነገር ከመጣ ለሁለቱም ቀይሪው፣ ሳትጮሂ። ሪሲቨራችሁ ቻናል መቆለፍ ይችል እንደሆነም የገጠመላችሁን ልጅ ጠይቂው፤ ብዙዎቹ ይችላሉ። ስልክሽንም እንዲሁ ተጠንቀቂ፤ እዚያ የሚመጣው ከቴሌቪዥኑ ይብሳል።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ ልንገርሽ። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የምፈራው የቡናችንን ወሬ ነው። አቦል ላይ ስለ ጤና እንጠያየቃለን። ቶና ላይ የኑሮ ውድነት ይመጣል። በረካ ላይ ስንደርስ «እነሱ» የምትል ቃል ትገባለች። ማንም ስም አይጠራም፣ ግን ሁላችንም ማንን እንደሆነ እናውቃለን። ልጁ ጥግ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ የሚጽፍ ይመስላል። አንድም ነገር አያመልጠውም። ቴሌቪዥኑ የሚናገረውን ከማያውቃቸው ሰዎች ነው የሚሰማው። ይህን ግን ከሚወዳት እናቱ አፍ፣ ዕጣን እየሸተተው ነው የሚሰማው። የትኛው እንደሚሰርጽ አስቢው። እኔ ቤት ከዚህ በኋላ በረካ ላይ ያቺ ቃል ስትመጣ «እነማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። በቀስታ ነው፣ ሰው እንዳይከፋው። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ይቆማል።

ጎረቤትሽስ? እሷን ቶሎ ሂጂላት። እሁድን አትጠብቂ፤ ቡና ድረስ ከቆየ ነገሩ ይደርቃል። ከሰዓት ላይ፣ ልጆቹን ሳታስከትዪ፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥረሽ ሂጂ። ስለ ፓርቲው አንድም ነገር አታንሺ። «ያን ቀን ስትሄጂ ከፋኝ። ልጅቷ ከቴሌቪዥን ሰምታ ነው፣ አታውቅም። ወንድምሽ እንዴት ነው?» በያት። ከዚያ አዳምጪ። ስለ ወንድሟ መቼም ብዙ ሰው አይጠይቃትም፤ ይፈሩታል። ካወራችልሽ እስክትጨርስ ቁጭ በይ። ካላወራችልሽም ጠይቀሻታል።

ትንሿ ልጅሽ አንድ ቀን ያንን ዘፈን በእሷ ፊት ደግማ ብትዘፍነው ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል። ሌላ ዘፈን ስጧት። ጎረቤትሽ ራሷ ታስተምራት፣ በልጅነቷ የምታውቀውን፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ። ልጅቷ የምትይዘው ፈጥኖ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነው ያልሽኝ።

ይቅርታውን ስትጠይቂያት ምን እንዳለችሽ ግን ጻፊልኝ። የእኔዋን ለመጠየቅ ሃያ ዓመት ነው የፈጀብኝ።